መልስ፦ ኢንዛይሙ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ለምን አልፈታውም?

የጠርሙስ ቁራጭ፣ ፔት የተባለውን የጠርሙስ ፕላስቲክ ከሚፈታው ከፔቴዝ ኢንዛይም ጋር በ30 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት አቆይተህ ክብደቱ ለምን እንዳልቀነሰ ጠይቀሃል። ኢንዛይሙን ከመጠርጠርህ በፊት ፕላስቲኩን እይ። ጠርሙስ ሲነፋ ስለሚለጠጥ የፔት ሰንሰለቶች ጥቅጥቅ ብለው ይደረደራሉ፤ 30 በመቶ ገደማው ክሪስታል ነው። ኢንዛይም እዚያ መግቢያ አያገኝም። ስለዚህ ከ260 ዲግሪ በላይ አቅልጠህ፣ በስሱ ዘርግተህ ወዲያው የበረዶ ውሃ ውስጥ ክተተው። ጥርት ካለ ተሳክቷል፤ ነጭ ደመና ካየህበት ማቀዝቀዙ ስለዘገየ ድገመው። ከዚያ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ፍጨው፣ ሲፈጭ ግን እንዳይግል።

ሙቀቱም ያንሳል። ፔት ውሃ ውስጥ የሚላላው 65 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በ2016 ይፋ የሆነው የአይዲዮኔላ ባክቴሪያ ፔቴዝ ደግሞ ያን ሙቀት አይችልም። ሙቀት እንዲቋቋም የተሻሻለው ኤልሲሲ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ግን በ2020 በወጣው ጥናት በ72 ዲግሪ፣ በ10 ሰዓት 90 በመቶውን ፈትቷል። ከዚያ በላይ ብታሞቀው ፕላስቲኩ መልሶ ክሪስታል ይሆንብሃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው። ፔት ሲፈታ የሚወጣው ቴሬፍታሊክ አሲድ ውህዱን ያኮመጥጠውና ሥራው ይቆማል፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እያደረግህ 8 ላይ ያዘው። ለውጡ ትንሽ ሲሆን ሚዛን አያሳይህም፤ ፈሳሹን አጣርተህ የወጣው አሲድ እንዲታይህ በ240 ናኖሜትር የብርሃን መምጠጡን ለካ፣ ኢንዛይም ከሌለው ናሙና ጋርም አስተያየው።