«ዘሩ ደከመ» አትበሉ

ልጆቼ፣ የሰብል በሽታ ለማጥናት የተነሣችሁ ሁሉ፣ አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልንገራችሁ።

በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ክፉኛ ሲመታው ብዙ ገበሬ ፊቱን ዲጋሉ ወደሚባለው ሌላ የስንዴ ዝርያ አዞረ። ዲጋሉ ያኔ ቢጫ ዋግን ይችለው ነበር፤ ከዩጋንዳ ተነሥቶ ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። ደስ ብሎን ነበር። ኅዳር 2006 ላይ ግን ባሌ ውስጥ አንድ አባት ማሳቸው መሐል አቁመው አገዳውን በጣታቸው ጠረግ አደረጉና የሸክላ ቀለም ያለውን ዱቄት አሳዩኝ። «አምና ንጹሕ ነበር፤ ዘንድሮ ምን ነካው?» አሉኝ። «ዘሩ ደክሞ ይሆናል» አልኋቸው።

አልደከመም ነበር። ዲጋሉ ያው ዲጋሉ ነው፤ የተለወጠው የዋጉ ስብጥር ነው። ቲኬቲቲኤፍ የሚባለው፣ የዲጋሉን መከላከያ የሚያልፍ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት ቀድሞም በጥቂቱ ታይቷል። ማሳው ሁሉ ዲጋሉ ሲሆን ሌላው ዋግ የሚያርፍበት አጣ፤ ይሄኛው ብቻ በላ፣ ተባዛ። አንዲት ቁስል ዋጉ የሚራባበትን በሺህ የሚቆጠር ብናኝ ትበትናለች፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ብናኙ ሌላ ቁስል ይሆናል፤ የቀረውን ነፋስ ይጨርሰዋል። አንዲትም ብናኝ በሕይወቷ አልተማረችም፣ አልተለማመደችም። መብላት የቻለችው ዘር ተካች፣ ያልቻለችው ጠፋች። የተፈጥሮ ምርጫ ማለት ይኸው ነው፤ መራጩን ደግሞ እኛው ነበርን በየማሳው የዘራነው።

ስለዚህ «ዋጉ ለመደ» ወይም «ዘሩ ደከመ» ሲባል ስትሰሙ፣ ማን በዛ፣ ማን አነሰ ብላችሁ ጠይቁ። በትግራይ ገብስና ስንዴ ደባልቀው ሐንፈጽ የሚዘሩትን ገበሬዎች እንደ ኋላ ቀር አትዩብኝ፤ አንዱን በሽታ ቢመታው ሌላው ይተርፋል፣ በሽታውም ማሳውን ሙሉ አንድ ዓይነት ምግብ አያገኝም።

ማሳ ስትወርዱ የወረቀት ፖስታ ኪሳችሁ አይጥፋ። በሚቋቋም ዝርያ ላይ አንዲት ቁስል ካያችሁ፣ ብቻዋን ናት ብላችሁ አትለፏት። አገዳውን ቆርጣችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቀንና ቦታ ጽፋችሁ በፖስታው ያዙ። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ ይታፈንና ይሻግታል፣ ብናኙም ይሞትባችኋል። በዚያው ሳምንት ወደ ቤተ ሙከራ ላኩት።