«የሆድ ፈንገስ ነው» ተብሎ መድኃኒት እንድትልኩ ስትጠየቁ

ጎንደር የሚኖሩ ወላጆቻችሁ በሰገራ ምርመራ ፈንገስ ታየባችሁ ተብለው ክኒን እንድትልኩላቸው፣ ወይም ለጥምቀት ስትመጡ ይዛችሁላቸው እንድትመጡ ቢጠይቋችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ምግብ ሲውጡ ያማቸው እንደሆነ ጠይቋቸው። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አንጀት ውስጥ የሚኖር በመሆኑ፣ በሰገራ መታየቱ ብቻውን ሕመም መኖሩን አያረጋግጥም፤ ሆዳቸው የሚነፋ ከሆነም መንስኤው ጨጓራ ወይም ጃርዲያ ሊሆን ይችላል። እንጀራ ተዉ፣ አንጀት የሚያጸዳ ዱቄት ግዙ የሚሉትን የኢንተርኔት ማስታወቂያዎችማ ባትሰሟቸው ይሻላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ፈንገሱ የምግብ ቧንቧን ሲይዝ ነው። ሲውጡ ያማል፣ ምግቡም ደረት ላይ የቆመ ይመስላል፤ ምላስና ላንቃ ላይ ነጭ ሽፋን ሊታይ ቢችልም፣ አፍ ንጹሕ መሆኑ ግን ቧንቧው ደኅና ነው ማለት አይደለም። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ ምክንያት አለው፦ ኤችአይቪ፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመም፣ የካንሰር ሕክምና፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ወይም ስቴሮይድ፤ ለአስም የሚሳበው ስቴሮይድም ሳይቀር (ከሳቡት በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ የሚመከረው ለዚህ ነው)። ለአባት ስለ ኤችአይቪ ምርመራ ማንሣት በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ሐኪሙ ራሱ እንዲያነሣው ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ለምግብ ቧንቧ ካንዲዳ የተለመደው መድኃኒት ፍሉኮናዞል ሲሆን፣ በሐኪም ትእዛዝ ከ14 እስከ 21 ቀን ይወሰዳል። ለአፍ ፈንገስ የሚሰጠው ፈሳሹ ኒስታቲን ለዚህ አይበቃም። ፍሉኮናዞል ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ለመድማት፣ ከስኳር ክኒኑ ግሊቤንክላማይድ ጋር ሲወሰድ ደግሞ ለስኳር መውረድ ሊዳርግ ስለሚችል፣ ወላጆቻችሁ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ፎቶ አስነሥታችሁ ሐኪሙ እንዲያያቸው አድርጉ። ነፍሰ ጡር እኅት ካለቻችሁ ፍሉኮናዞልን ያለ ሐኪም ፈቃድ አትውሰድ። የኬቶኮናዞል ክኒን ከቀረበላቸው ግን ሌላ ይጠይቁ፤ ጉበት ስለሚጎዳ የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ለፈንገስ ሕክምና እንዳይውል መክረዋል።

መድኃኒቱ ተጀምሮ በሳምንት ገደማ መዋጡ ካልቀለለ፣ ወይም ገና ከመጀመሪያው ክብደት መቀነስ ወይም ደም ማስታወክ ካለ፣ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) መታየት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ማጻፍ ይቻላል። ገንዘባችሁን ለክኒኑ ከማውጣት ይልቅ ለዚህ ምርመራና ለመጓጓዣው ብትልኩት ይመረጣል።