«ማታ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ነው። ልቆጣችሁ አይደለም የምጽፈው። በቁጣ መጠጥ ያቆመ ልጅ አላየሁም። ላወራችሁ የፈለግኩት እናንተ እየሳቃችሁ ስለምታወሩት አንድ ነገር ነው። «አቦ፣ ትናንት እንዴት ዶርም እንደገባሁ እንኳ አላውቅም» ትላላችሁ። በዙሪያችሁ ያለው ሁሉ ይስቃል፣ ለሳምንት የግቢው ወሬ ትሆናላችሁ። እኔ ግን ይህን ስሰማ ደንግጬ ነው የማየው፣ ምክንያቱም ልጁ አንጎሉ ለሰዓታት ከዋና ሥራዎቹ አንዱን እንዳቆመ ነው እየነገረኝ ያለው።

አንጎላችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። በግራም በቀኝም፣ በጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል። ዛሬ ያያችሁትንና ያነበባችሁትን ነገ እንድታስታውሱት አድርጎ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ብዙ አልኮል በአጭር ጊዜ ደም ውስጥ ሲገባ ይህ ክፍል መመዝገብ ያቆማል። አልኮል ሴሎቹ አዲስ ትዝታ ለመያዝ የሚጠቀሙበትን የግሉታሜት መልእክት ያፍናል፣ አንጎልን የሚያደነዝዘውን የጋባን መልእክት ደግሞ ያጠነክራል። ሌላው የአንጎል ክፍል ግን እየሠራ ስለሆነ ልጁ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ሂሳብ ይከፍላል፣ ለቀድሞ ፍቅረኛው ይደውላል፣ ይደባደባል፣ ባጃጅ ይሳፈራል። ያየው ሰው «ሞቅ ብሎታል እንጂ ደህና ነው» ይላል። መጀመሪያውኑ ምንም ስላልተቀመጠ ጠዋት ጓደኛው ቁጭ ብሎ ቢተርክለትም አይመለስለትም። አንዳንዴ ቁርጥራጭ ይቀራል። አንድ መብራት፣ አንድ ዘፈን፣ የአንድ ሰው ፊት፣ ከዚያ በላይ የለም።

ሴት ልጆቼ ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ማን ወዴት እንደወሰዳችሁ፣ ምን እንደተደረገባችሁ መናገር የማትችሉበት ሰዓት ነው።

ፍጥነቱ ነው ዋናው ጣጣ። ጉበት በአማካይ በሰዓት የአንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል አልኮል ነው የሚያጠራው፣ ብትለምኑትም ከዚያ አይፈጥንም። ወንድ በ2 ሰዓት ውስጥ 5 ቢራ፣ ሴት ደግሞ 4 ከጠጡ በ100 ሚሊ ሊትር ደማቸው ውስጥ ያለው አልኮል ወደ 80 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በሕክምናው ከመጠን ያለፈ የአንድ ጊዜ መጠጥ የሚባለው ከዚህ ይጀምራል። የሴት ሰውነት የሚይዘው ውኃ ስለሚያንስ ያው መጠን እሷን ይብስባታል። አረቄና ጂን በሾት ሲሆን ደግሞ ቆጠራውም ይጠፋል።

እኛ አገር ነገሩን የሚያከፋው ጫቱ ነው። ድሬም ሐረርም ልማዱን ታውቁታላችሁ። ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ሲመሽ ጨብሲ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን ያነቃል። መርቅኖ ወደ ግሮሰሪ የሚሄድ ልጅ ስካሩ ቶሎ አይታወቀውም። ዓይኑ ፈጧል፣ ወሬው አላቆመም፣ «እኔ ምንም አልሆንኩም» እያለ ስድስተኛውን ሰባተኛውን ያስከፍታል። ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን በምርቃና አይቀንስም። ጫቱ የምግብ ፍላጎቱን ስለዘጋው ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው፣ በባዶ ሆድ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በጣም ፈጥኖ ነው። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውኃውን ሲመጥጠው ውሏል። እኛ ጋ ተሸክመው ያመጧቸው ብዙዎቹ ልጆች የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ስትጠይቋቸው ጓደኞቻቸው «ደህና ነበር እኮ፣ ድንገት ነው የወደቀው» ይላሉ። ድንገት አልነበረም፣ ምርቃናው ሲወርድ ነው የታየው።

ዕድሜያችሁም አለ። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ማመዛዘንና «ይብቃኝ» ማለት የእሱ ሥራ ነው፣ እስከ 25 ዓመት አካባቢ ገና እየተሠራ ነው። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ወጣቶቹ ከትልልቆቹ ይልቅ በአልኮል የሚመጣው እንቅልፍና መንገዳገድ ያንስባቸዋል፣ ትውስታቸው ግን የበለጠ ይጎዳል። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። «እኔ እችለዋለሁ» የሚለው ወጣት ሰውነቱ በቃህ ስላላለው ይቀጥላል፣ የሚማርበት ክፍል ግን ቀድሞ እየተመታ ነው።

የግቢ ልጅ ደግሞ ሥራው መማር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቸክላችሁ ዓርብ ማታ እስክትወድቁ ብትጠጡ፣ ያጠናችሁት የሚደላደለው በእንቅልፍ ነውና እንቅልፋችሁ ይበላሻል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ በደንብ አያስተኛም፣ ሌሊቱን ይቆራርጠዋል፣ ሕልም የምናይበትን እንቅልፍ ይቀንሳል። የዞረ ድምሩ ካለፈ በኋላ እንኳ አንድ ገጽ ሦስቴ እያነበባችሁ የማይገባችሁ ለዚህ ነው። የመውጫ ፈተና ያለባችሁ ይህን አስቡበት።

በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። መታወቂያ የሚጠይቅ ግሮሰሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሻጩ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ።

አሁን ለጓደኞች ነው የምናገረው፣ ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ሌሊት አንድ ልጅ በባጃጅ አመጡልን። ሸሚዙ ውኃ በውኃ ነበር፣ ቀዝቃዛ ውኃ ደፍተውበታል። ቡና ሊያጠጡት ሞክረው አገጩ ላይ ደርቋል። በጀርባው አጋድመው ነው ያመጡት፣ ጉሮሮው ውስጥ ትውከት ይንኳኳል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጓደኞቹ ይወዱት ነበር፣ አንዱ እያለቀሰ እግሩን ይዞታል። ያን ሌሊት ተረፈ። ቡናም ውኃም አልኮልን ከደም አያወጡም። ውኃው ያበርደዋል፣ ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ የገባ ቡና ደግሞ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። መጠጥ ሲበዛ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍልም ይደነዝዛል፣ ትውከት ሲመጣ ማሳል ይጠፋል። የመጨረሻው ብርጭቆ ገና ከሆድ ወደ ደም እየገባ ስለሆነ «ይተኛና ይለፍለት» ብላችሁ የተዋችሁት ልጅ ከተኛም በኋላ ሊብስበት ይችላል።

ስለዚህ በጎኑ አስተኙት። ብቻውን አትተዉት። ቀስቅሳችሁት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው ሆስፒታል አምጡት። ጫትም ሌላም የወሰደው ነገር ካለ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ፖሊስ ይጠራብናል፣ ግቢ ይሰማል ብላችሁ ሰዓት አታቃጥሉ።

የተጎዳው ሁሉ አብቅቶለታል ማለቴ አይደለም። አንጎል ወጣት ሲሆን ያገግማል። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ትኩረታቸውና ትውስታቸው ሲሻሻል አይቻለሁ። በየቀኑ የምትጠጡ፣ ጠዋት ሳትቀምሱ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ካላችሁ ግን በራሳችሁ በአንድ ቀን አታቁሙት፣ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። ወደ ጤና ተቋም ሂዱና በመድኃኒት ተረድታችሁ አቁሙት። ካርድ ክፍል አፍራችሁ ማስረዳት ካቃታችሁ «ነርስ ላናግር» በሉ፣ ይበቃል።