ለገና ሰሞን የሚሆኑ፣ ብዙ ያልተወራላቸው ፊልሞች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን አምጡ፤ በተቻለኝ እመልሳለሁ። ሁሉም በየዓመቱ የሚያያቸውን ትተን፣ ገና የሚውልባቸው ግን ስማቸው እምብዛም የማይነሣ ፊልሞችን እናንሣ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት ርዝመቱን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ብቻ ምረጡ ቢባሉ የትኛውን ይሉናል?

መልስ፦ «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር»፣ የዳይሬክተር ኧርነስት ሉቢች፣ 1940፣ 99 ደቂቃ፣ ጥቁርና ነጭ። ታሪኩ ቡዳፔስት ውስጥ ባለ የቆዳ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ጄምስ ስቱዋርትና ማርጋሬት ሱላቫን በሥራ ላይ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ስማቸውን ሳይገልጹ በፍቅር ደብዳቤ የሚጻጻፉት ግን እርስ በርሳቸው መሆኑን አያውቁም። ገናው እንደ ጌጥ የተለጠፈ አይደለም። ለሱቁ የዓመቱ ዋና ገበያ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ እንዳይባረር እየሠጋ የሚሠራበት ሰሞን ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ዓይናችሁን አታንሡ። አንደኛው ሲከፈት ዜማ የሚያሰማው የሲጋራ ሣጥን ነው። ሱላቫን ሥራ ፍለጋ በገባች ዕለት ሣጥኑን አንሥታ፣ የከረሜላ ማስቀመጫ ነው ብላ፣ በተከፈተ ቁጥር ዜማው ብዙ እንዳይበሉ ያስታውሳል ብላ ለአንዲት ደንበኛ ትሸጠዋለች። በዚያች ሽያጭ ትቀጠራለች። በኋላ ያው ሣጥን ገዢ አጥቶ፣ ዋጋው ተቀንሶ መስኮት ላይ ተደርድሮ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው ፖስታ ቤቱ ነው። ካሜራው ከፖስታ ሣጥኑ ጀርባ ነው ያለው። ጓንት ያጠለቀ እጅ ይገባል፣ ይዳብሳል፣ ምንም አያገኝም። ከዚያ ፊቷ በቀዳዳው በኩል ይታያል። አንድ ቃል አይነገርም፤ ሁሉም ነገር ግን ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ እኔ ያገኘሁት ቅጂ 95 ደቂቃ ነው የሚለው። ተቆርጧል?

መልስ፦ አልተቆረጠም፣ ጥሩ አድርገህ አይተሃል። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ዲቪዲ ግን በሰከንድ 25 ያጫውታል። 99ን በ24 አባዝተህ ለ25 ብታካፍለው 95 ይመጣል። ድምፁ በትንሹ ይቀጥናል እንጂ የጎደለ ትዕይንት የለም። እስከ 4 በመቶ ቢያጥር አትደንግጥ። ከዚያ በላይ ካጠረ አንድ ሰው መቀስ አግብቶበታልና ሌላ ቅጂ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጥሩ የገና ፊልም ቢጠቁሙን?

መልስ፦ ከማን ጋር ነው የምታዩት? ልጅ አለ? ስንት ሰዓት አላችሁ? ይህን ሳትነግሩኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፦ እሺ፣ የአምስት ዓመት ልጅ አለች። የግርጌ ጽሑፍ ማንበብ አትችልም።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። «ዘ ስኖውማን»፣ 1982፣ አኒሜሽን፣ 26 ደቂቃ። ከአጭር መግቢያና ከአንድ ዘፈን በቀር ቃል የለውም፤ ስለዚህ ትርጉም አያስፈልገውም። መጨረሻው ላይ የበረዶው ሰው ይቀልጣል። ልጆች እዚያ ላይ ያለቅሳሉና ብቻዋን ትተዋት እንዳትነሡ።

ጥያቄ፦ «ቶኪዮ ጎድፋዘርስ»ም አኒሜሽን ስለሆነ እሱን ላሳያት?

መልስ፦ አይሆንም! አኒሜሽን ሁሉ የልጅ አይደለም። የሳቶሺ ኮን ሥራ ነው፣ 2003። ቤት የሌላቸው ሦስት ሰዎች በገና ዋዜማ ቆሻሻ መሐል የተጣለች ሕፃን ያገኛሉ፤ ወላጆቿን ፍለጋ ቶኪዮን ያስሳሉ። ስካር፣ ድብደባና ራስን የማጥፋት ሙከራ አለበት። ለአዋቂ ግን ከዚህ ዝርዝር ሁለተኛው ምርጫዬ ነው።

ጥያቄ፦ «ሬር ኤክስፖርትስ»ስ?

መልስ፦ 2010፣ ፊንላንድ፣ አስፈሪ ፊልም። ለልጅ አይሆንም።

የልጆች አባት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ልጆች አይቀመጡም። ቀለም የተጨመረበት ቅጂ ካለ ምን ክፋት አለው?

ሌሊት ተመልካች፦ ወንድሜ፣ አሥር ደቂቃ ታገሣቸው፣ ይረሱታል። ቀለም የተቀባ ፊልም ላይ የሁሉም ሰው ፊት አንድ ዓይነት ቡናማ ነው።

የልጆች አባት፦ እኔ የማወራው ልጆች ስለሚያዩት ነው። ጨርሶ ከማያዩት ይሻላል።

ሌሊት ተመልካች፦ እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያውኑ በቀለም የተቀረጸ ፊልም ምረጥላቸው። ምን አስቸገረህ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ልብሱም ግድግዳውም ብርሃኑም የሚመረጡት በግራጫ ደረጃ እንዲለያዩ ታስቦ ነው። ቀለም ከላይ ሲደፋበት ያ ልዩነት ይጠፋል፤ ጥላው ይደበዝዛል፣ ዓይናችሁ ከተዋናዩ ፊት ይልቅ ወደ መጋረጃው ይሄዳል። «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ»ን (1946) ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1974 የቅጂ መብቱ ሳይታደስ ስለቀረ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንደልባቸው አሳዩት፤ ዝነኛ ያደረገውም መጥፎ ቅጂ የበዛበትም ይኸው ነው። በቀለም ሲወጣ ጄምስ ስቱዋርት ራሱ በአደባባይ ተቃውሟል። ቀለም የተቀባውን አትዩ።

ጥያቄ፦ የድሮ ፊልም እኔ ቴሌቪዥን ላይ ሰዎቹን አጭርና ወፍራም ያደርጋቸዋል። እንቅስቃሴያቸውም እንደ ተከታታይ ድራማ ነው።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። የመጀመሪያው ምስሉ ስለተለጠጠ ነው፤ የዚያ ዘመን ፊልም ቅርጹ ወደ ካሬ የቀረበ ነው። የስክሪን ስፋቱን ከ«ሙሉ» ወደ «ኦሪጅናል» ወይም «4፡3» መልሺው። ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል፣ ተዪው። ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ በምስሎቹ መሐል የራሱን ምስል ፈጥሮ ስለሚጨምር ነው። ከምስል ማስተካከያው ገብተሽ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጥፊ፤ ካላገኘሽው «ሲኒማ» ወይም «ፊልም» የሚለውን ምረጪ። በአንዳንድ ቴሌቪዥን ግን ያን መርጠሽም ማለስለሻው አይጠፋምና ለይተሽ አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ «ዥዋዩ ኖኤል»ን በእንግሊዝኛ ድምፅ የተተረጎመውን ልየው?

መልስ፦ በፍጹም። በታኅሣሥ 1914 በጦር ግንባር ፈረንሳዮች፣ ጀርመኖችና ስኮትላንዶች ለገና ጦርነቱን የሚያቆሙበት ታሪክ ነው (ክርስቲያን ካሪዮን፣ 2005)። ወታደሮቹ አለመግባባታቸው፣ ከዚያም በዘፈን መግባባታቸው ነው ፊልሙ። ሁሉም እንግሊዝኛ ካወሩ ምን ቀረ? ሦስቱም ቋንቋ ያለበትን፣ የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ፈልግ።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ ወንጀል ነክ ካለ?

መልስ፦ «ዘ ሳይለንት ፓርትነር»፣ ካናዳ፣ 1978። የገና አባት ልብስ የለበሰ ሌባ ባንኩን ሊዘርፍ መሆኑን ገንዘብ ከፋዩ ቀድሞ ያውቅበታል፤ አብዛኛውን ብር ለራሱ ይሸሽግና ሌባው ወሰደው ይላል። ሌባው ይህን ሲያውቅ ነው ጉዱ የሚፈላው። ክሪስቶፈር ፕላመር እጅግ ያስፈራል። አንድ በጣም ጨካኝ ትዕይንት አለውና ልጆች ይተኙ። ለስለስ ያለ ከፈለጋችሁ «ሪሜምበር ዘ ናይት»፣ 1940፦ ዐቃቤ ሕጉ የከሰሳትን ሌባ ለገና እናቱ ቤት ይዟት ይሄዳል። ባርባራ ስታንዊክን ለማየት ብቻ ይበቃል። 94 ደቂቃ ነው፤ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የበርግማን «ፋኒ እና አሌክሳንደር» ሁለት ርዝመት አለው። የትኛው?

መልስ፦ የ1982ቱ የሲኒማ ቅጂ 188 ደቂቃ፣ ለቴሌቪዥን የተሠራው 312 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ አጭሩ ማንም የቆረጠው ሳይሆን በርግማን ራሱ ያሳጠረው ነው፤ ሆኖም ረጅሙን እዩ። በአጭሩ ቅጂ ከተቀነሰባቸው ክፍሎች አንዱ የመጀመሪያው የገና ግብዣ ነው፤ ያ ቤት ካልሞቀባችሁ ደግሞ በኋላ ሁለቱ ልጆች፣ ፋኒና አሌክሳንደር፣ የሚገቡበት የእንጀራ አባታቸው የጳጳሱ ቤት ቅዝቃዜ አይሰማችሁም። በአንድ ማታ አትጨርሱት። የመጀመሪያው ማታ ግብዣው አልቆ ቤተሰቡ እስኪተኛ እዩና አጥፉት፤ የቀረውን በሁለት ማታ ክፈሉት።

ጥያቄ፦ ግብዣውን ልጆችም ቢያዩት?

መልስ፦ ግብዣውን አብረው ይዩ። ከጳጳሱ ቤት ጀምሮ ያለውን አይዩ።