«12 ገቡ፣ 8 ተጫወቱ፤ አራቱስ?» ስለ ቤዝቦል ጥሎ ማለፍ የጠየቃችሁን

ጅማ ውስጥ ኳስ ከተባለ እግር ኳስ ነው፤ ሌላ ኳስ ያለም አይመስለን። ደብዳቤዎቻችሁን ሳነብ ግን ነገሩ ገባኝ። አብዛኞቻችሁ አሜሪካ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አላችሁ፣ መስከረም ላይ ስትደውሉለት ደግሞ «ቆይ፣ ጨዋታ እያየሁ ነው» ብሎ ይዘጋባችኋል። ዛሬ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ጥሎ ማለፍ ስለሚከፈትበት፣ ዋይልድ ካርድ ስለሚባለው ዙር። ዓመተ ምህረቶቹ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው።

ሰላም ነው አዘጋጁ? የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ የአርሰናል ደጋፊ (አትሳቅ)። ሲያትል ያለው የአጎቴ ልጅ «12 ቡድን አልፏል» ይለኛል። ውጤቱን በስልኬ ሳይ ግን የሚጫወቱት 8 ናቸው። አራቱ የት ሄዱ?

ቤታቸው ተኝተዋል። የምሬን ነው።

ሊጉ 30 ቡድን አለው። አሜሪካን ሊግና ናሽናል ሊግ ተብሎ እኩል ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሊግ ደግሞ አምስት አምስት ቡድን ያላቸው ሦስት ምድቦች አሉት። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል። አዎ፣ 162። ያንተዎቹ 38 የሊግ ጨዋታ እንኳ ሳይጨርሱ ሚያዝያ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል (አልሳቅኩም)። ከዚያ ከየሊጉ 6 ቡድን ያልፋል፦ ሦስቱ የምድብ አሸናፊዎች፣ ከቀሩት ደግሞ ብዙ ያሸነፉት ሦስቱ።

ከምድብ አሸናፊዎቹ ውስጥ የተሻለ ውጤት ያላቸው ሁለቱ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። ሁለት ከዚህ ሊግ፣ ሁለት ከዚያኛው፦ ጠፉብኝ ያልካቸው አራቱ እነሱ ናቸው። የቀሩት 3ኛው ከ6ኛው፣ 4ኛው ከ5ኛው ይገጥማሉ፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ከአምስት ሦስት ነው፣ ቀጥሎ ከሰባት አራት፣ ፍጻሜው ወርልድ ሲሪስም ከሰባት አራት። ድልድሉ መሀል ላይ አይነካካም፤ የ4ኛውና የ5ኛው አሸናፊ ወደ አንደኛው ይሄዳል፣ የ3ኛውና የ6ኛው አሸናፊ ወደ ሁለተኛው።

ይህ አሠራር የመጣው በ2022 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ2012 ጀምሮ፣ የኮሮናውን 2020 ትተን፣ በዚህ ዙር የሚደረገው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። 162 ጨዋታ ለፍተህ በአንድ ማታ ትሰናበታለህ ማለት ነው። ሦስት መሆኑ ትንሽ ያስተነፍሳል፤ ትንሽ ብቻ።

እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ መርካቶ ቡና እነግዳለሁ። አባ ጅፋራችን በእኛው 2010 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሳ ሊጉን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ነው። ስድስተኛ የወጣ ቡድን ሻምፒዮን ይሆናል ሲሉኝ አልዋጥልህ አለኝ። ይሄ ፍርደ ገምድልነት አይደለም?

ጋሼ፣ እዚያ ያሉትም በየዓመቱ ይጨቃጨቁበታል፣ ብቻዎን አይደሉም። ለክርክርዎ የሚሆን ማስረጃም ልስጥዎ። በ2023 ቴክሳስ ሬንጀርስ 5ኛ ሆኖ ገባ። አሪዞና ዳይመንድባክስ 84 አሸንፎ፣ 78 ተሸንፎ፣ 6ኛ ሆኖ ገባ። ወርልድ ሲሪስ ላይ የተገናኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ዋንጫውን ሬንጀርስ ወሰደ። በዚያው ዓመት 104 ጨዋታ ያሸነፈው አትላንታ ብሬቭስ፣ 101 ያሸነፈው ባልቲሞር ኦሪዮልስና 100 ያሸነፈው ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የመጀመሪያውን ዙር አርፈው ጠብቀው፣ ሜዳ በገቡበት ዙር ሦስቱም ተሸኙ።

እንዲህ የሚሆነው ጨዋታው ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው። ቤዝቦል ላይ በጣም ጎበዝ የሚባለው ቡድን እንኳ ከ10 ጨዋታ 6ቱን ነው የሚያሸንፈው። በ162 ካሰሉት 97 ድል ይመጣል፣ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ምድብ ያሸልማል። ያ ጎበዝ ቡድን እንግዲህ በየጨዋታው 60 በመቶ ዕድል ይዞ ሦስት ጨዋታ ቢገባ ሁለቱን የማሸነፍ ዕድሉ 65 በመቶ ገደማ ነው፤ ከሰባት አራት ቢሉት እንኳ 71 በመቶ ነው የሚደርሰው። ማለትም ከሦስት ጊዜ አንዴ ደካማው ያልፋል። ማንም ዳኛ ሳያዳላ፣ ማንም ሳይሳሳት።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ዙር ቅጣት ነው። ምርጡ ማን እንደሆነ በ162ቱ ጨዋታ ታይቷል፤ በቂ ውጤት ያላመጣው ደግሞ ሦስት ቀን አደጋ ላይ ይቀመጣል። ቅጣቱን ችሎ የሚወጣ ግን አለ። በ2025 ዶጀርስ ምድቡን አሸንፎ ሳለ ከሌሎቹ ሁለት ምድብ አሸናፊዎች በውጤት ስላነሰ ከዚህ ዙር ጀመረ፣ ሲንሲናቲ ሬድስን 2 ለ 0 ሸኘ፣ በመጨረሻም ቶሮንቶ ብሉ ጄይስን በሰባተኛው ጨዋታ፣ በ11ኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ጊዜ ተራ ይዞ የሚመታበት ክፍል ነው)፣ 5 ለ 4 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አባ ጅፋር በሰንጠረዥ ያገኘውን እነሱ በእልህ ያገኙታል። የሚያምረው የቱ እንደሆነ ለእርስዎ ትቻለሁ፤ እኔ ግን መስከረም ላይ ይሄኛውን አያለሁ።

አሰላሙ አለይኩም። ከሄርማታ ነኝ። ደርሶ መልስ የለውም እንዴ? ሦስቱም ጨዋታ አንድ ሜዳ ላይ ነው አሉኝ።

ወአለይኩም ሰላም። እውነት ነው፣ ሦስቱም የተሻለ ደረጃ ባለው ቡድን ሜዳ ነው። በተከታታይ ሦስት ቀን ስለሚጫወቱ በረራ ውስጥ የሚገባበት ክፍተት የለም፤ ከዚያም በላይ 3ኛና 4ኛ ለወጣው ሽልማት እንዲሆን ነው። ባለሜዳው ሁልጊዜ ሁለተኛ ይመታል፣ ስለዚህ የመጨረሻው ዕድል የሱ ነው።

ሽልማቱ ሠራ ወይ ካልከኝ ግን ያስቃል። ከ2022 እስከ 2025 በዚህ ዙር 16 ግጥሚያዎች ተደርገዋል፣ ባለሜዳው ያለፈው በ7ቱ ነው። ከግማሽ በታች! በ2022 ብቻ ከአራቱ ባለሜዳዎች ሦስቱ ቤታቸው ውስጥ ተሸንፈዋል፣ አንዱ 101 ጨዋታ ያሸነፈው ኒው ዮርክ ሜትስ ነበር። ቶሮንቶም በገዛ ሜዳው 8 ለ 1 እየመራ ሲያትል ማሪነርስ ተነስቶ 10 ለ 9 አሸነፈው። ያን ቀን ስታዲየም የገባ ሰው ምን እንደተሰማው አስበው።

ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከ16ቱ አምስቱ ብቻ ናቸው ሦስተኛ ጨዋታ የደረሱት፤ የቀሩት እንደ ጥዱፍ እንግዳ አቦልና ቶና ጠጥተው በረካውን ሳይጠብቁ ወጥተዋል።

12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ቪዲዮ በዩቲዩብ አያለሁ። የማይገባኝ፦ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) እሳት ሆኖ እየወረወረ አሰልጣኙ ሜዳ ገብቶ ኳሱን ይቀበለዋል። ምን አጠፋ?

ምንም አላጠፋም የኔ እህት። ይህን ዙር ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ጥያቄም የለም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንድ ፒቸር በአንድ ጨዋታ መቶ ገደማ ኳስ ከወረወረ ክንዱ አለቀ፤ አራት ወይም አምስት ቀን ካላረፈ ተመልሶ ጨዋታ አይጀምርም። ስለዚህ ቡድኖች የሚጀምሩ አምስት ፒቸሮች ይዘው በተራ ያስገቧቸዋል፣ ከኋላ ደግሞ ቡልፔን የሚባለው ቦታ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኢኒንግ ብቻ የሚወረውሩ ተጠባባቂዎች አሉ። ሌላው ጉዳይ መቺዎቹ ናቸው። ዘጠኙ በተራ ይመታሉ፣ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አንድ መቺ ያንኑ ፒቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው ኳሱ ከእጁ እንዴት እንደሚወጣ ዓይኑ ለምዶታል። አሰልጣኙ የሚፈራው ያንን ነው። አንቺ እሳት ያልሽውን ሰውዬ እሱ ሊጠፋ ሲል ነው የሚያየው።

በመደበኛው ወቅት አሰልጣኝ ይታገሳል፣ ነገም ጨዋታ አለ። እዚህ ዙር ላይ ነገ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ በአራተኛው ኢኒንግም ቢሆን ይቀይራል። እና ልብ በይ፦ መደበኛው ውድድር የሚያልቀው እሁድ ነው፣ ይህ ዙር የሚጀምረው ማክሰኞ። እስከ እሁድ ማታ ለማለፍ ሲታገል የቆየ ቡድን ዋና ፒቸሩን እሁድ ተጠቅሞበት ከሆነ እስከ ሐሙስ ሦስቱም ጨዋታ ያለ እሱ ያልቃሉ። ቀደም ብሎ ማለፉን ያረጋገጠው ግን ዋናውን አሳርፎ ማክሰኞ ያወጣዋል። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ስለ ቡድኖቹ ዝና ከማንበብ ይልቅ ማክሰኞ ማን ይወረውራል፣ ረቡዕስ ማን የሚለውን እይ።

ምሳሌ ከ2025። ዲትሮይት ታይገርስ 6ኛ ሆኖ ክሊቭላንድ ሄደ፣ ታሪክ ስኩባል የሚባለውን ዋና ፒቸሩን ግን ለመጀመሪያው ጨዋታ አዘጋጅቶት ነበር። ልጁ 14 መቺዎችን በስትራይክ አስወጣ (ኳሱን ሳይመቱለት ተሰናበቱ ማለት ነው)፣ ታይገርስ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ በኋላም አለፈ።

ሌላው የኒው ዮርክ ያንኪስና የቦስተን ሬድ ሶክስ ነው፣ የነዚህ ጠብ ከሳንጆርጅና ከቡና ጠብ የሚተናነስ አይደለም። ያንኪስ የመጀመሪያውን ተሸነፈ፣ ሁለተኛውን አሸነፈ። ለሦስተኛው ካም ሽሊትለር የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ልጅ አወጡ። ልጁ ያደገው ማሳቹሴትስ ነው፣ በቦስተን ደጋፊዎች መሀል። ስምንት ኢኒንግ ወረወረ፣ 12 ሰው በስትራይክ አስወጣ፣ በመጥፎ ውርወራ አንድም ሰው በነጻ አላሳለፈም፣ ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ። አሰልጣኙም ኳሱን ለመቀበል አልቸኮለም፣ አየሽ! ከ2022 ወዲህ በዚህ ዙር የመጀመሪያውን ተሸንፎ ያለፈ የመጀመሪያው ቡድንም ያንኪስ ነው።

በዘጠኝ ኢኒንግ እኩል ቢወጡስ? ፔናልቲ አለ? (ከፈረንጅ አራዳ)

የለም። አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላል፣ ሌሊቱም ቢነጋ። በመደበኛው ወቅት ከ10ኛው ኢኒንግ ጀምሮ ቶሎ እንዲያልቅ ሁለተኛው ቤዝ (ሯጮች ከሚያርፉባቸው ማረፊያዎች አንዱ) ላይ አንድ ሯጭ በነጻ ይቆማል፤ በጥሎ ማለፍ ይህ ቀርቷል፣ ደግ አደረጉ። በ2022 ክሊቭላንድ ጋርዲያንስና ታምፓ ቤይ ሬይስ 14 ኢኒንግ ሙሉ ባዶ ለባዶ ቆዩ። 15ኛው ላይ ኦስካር ጎንዛሌዝ አንድ ሆምራን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መታ፣ 1 ለ 0፣ ሬይስ ወደ ቤት። ወደ አምስት ሰዓት የሚጠጋ ጨዋታ በአንዲት ምት አለቀ። አሰልቺ ነው የምትሉ አላችሁ፤ እኔ ፔናልቲ ከማየት እሱን እመርጣለሁ።

በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ እኩል ቢሆኑስ?

እርስ በርስ ሲገናኙ ማን በለጠ የሚለው ይታያል። ድሮ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ይደረግ ነበር፣ ከ2022 ወዲህ ቀረ። በ2025 ሬድስና ሜትስ ሁለቱም 83 አሸንፈው 79 ተሸንፈው ጨረሱ፤ እርስ በርስ ሬድስ በልጦ ስለነበር ሜትስ ቀረ።

ጅማ ሆኜ በስንት ሰዓት ነው የማየው? ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ይደርሳል?

አንዱ ይደርሳል። በዚያ ወቅት ከኒው ዮርክ በ7 ሰዓት እንቀድማለን። የ2025ቱ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20፣ 2018 ነበር፣ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ እና በመጀመሪያው ቀን አራት ጨዋታ ነበረ። በእኛ ሰዓት የመጀመሪያው ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ጀመረ፣ ሁለተኛው 4 ሰዓት ላይ፣ ሦስተኛው ሌሊት 7 ሰዓት፣ ሎስ አንጀለስ ያለው ሌሊት 10 ሰዓት። የማታ 2ቱን እየው። የ10 ሰዓቱን የሚያይ ወይ ጥበቃ ነው ወይ የዶጀርስ ደጋፊ።

ዲኤስቲቪ ቤት ሄጄ አያለሁ ብለህ እንዳትደክም። ማክሰኞ ማታ ቻምፒየንስ ሊግ እያለ ባለቤቱን ቤዝቦል ክፈትልኝ ብትለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሃል። ስልክህንና የዳታ ፓኬጅህን አዘጋጅ።

ባጭሩ፦ አጂፕ አካባቢ ያለው ቤቲንግ ቤት ቤዝቦልም አለው። በዚህ ዙር ትኬት ልቁረጥ? አንደኛ የሆነውን ባስይዝ አይሻልም?

አንደኛ የሆነው እዚህ ዙር ላይ አይጫወትም ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ ሳታነብ ነው የጻፍከው። 3ኛውንና 4ኛውን ባለሜዳ አስይዛለሁ ካልክም ከ16ቱ 7ቱ ብቻ እንዳለፉ ከላይ አለልህ። አራት ግጥሚያ በአንድ ትኬት አስገብተህ እያንዳንዱ 60 በመቶ ዕድል ቢኖረው እንኳ አራቱም የሚሳኩልህ ከመቶ 13 ጊዜ ገደማ ነው። አትቁረጥ። በብሩ ዳታ ግዛና ማታ 2 ሰዓት ላይ ተቀመጥ።