ሂውማን ሄር ተሰፍቶ እንቅልፍ ሲነሳ

«ሂውማን ሄር (ከሰው ፀጉር የተሠራ ቅጥያ) ካሰፋሁ አራተኛ ቀኔ ነው። ትራስ ላይ ጭንቅላቴን ማሳረፍ አቃተኝ። ሠሪዋ ‹ይለምድሻል› ብላኛለች። ልቻለው ወይስ ላስፈታው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ መልሴ አስፈቺው ነው።

እኔ ዊግ ሹሩባም (በአርቴፊሻል ፀጉር የሚጎነጎነውን)፣ ስፌትም (ሹሩባ ላይ ፀጉር የሚሰፋበትን) ለዓመታት ስሠራ ኖሬአለሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ትንሽ ከበድ ማለቱ ያለ ነው። ሲነካ የሚያም፣ ራስ ምታት የሚያመጣ፣ ቅንድብ ለማንሳት የሚያስቸግር ከሆነ ግን የሚለመድ ነገር አይደለም። በተለይ ሹሩባው ሥር ትንንሽ ነጫጭ ብጉር ካየሽ ነገ አትበይ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚሰፋው ፀጉር ላይ ያደርጋል። ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሥር ከሚጎነጎነው ሹሩባ ነው። ሠሪዋ ጆሮ ግንድሽ አጠገብ ስትደርስ ልብ ብለሽ እዪ። እነዚያን ለስላሳ ፀጉሮች በጥፍሯ ለቅማ ወደ ኋላ ትስባቸዋለች፤ እንዲጠብቅና እንዲያምር ነው። ከዚያ በቆልማማው መርፌ ክሩን ሹሩባው ላይ እየጠመጠመች ስትሰፋ ደግሞ ይጠብቃል። በዚህ ላይ የፀጉሩ ክብደት ቀኑን ሙሉ ይጎትታል። ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ደካማው ፀጉር ነው ማለት ነው።

ሐኪሞች በዚህ መጎተት የሚመጣውን የፀጉር መሳሳት ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል። የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከግንባር ዳርና ከጆሮ ግንድ ነው፤ ማጅራት ላይም ይመጣል። ቶሎ ከተደረሰበት ፀጉሩ ይመለሳል። መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። ፀጉርሽ በሪላክሰር ኬሚካል የተለሰለሰ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ነው «ቻይው» የሚሉሽን አትስሚ የምለው።

በሚቀጥለው ጊዜ የመጀመሪያው ሹሩባ እንዳለቀ ሁለተኛው ሳይጀመር «ላላ አድርጊልኝ» በያት። አንዳንዷ «ቶሎ ይበላሻል» ትልሻለች። እውነቷን ነው፣ ቶሎ ይላላል። ይላላ! የግንባር ዳሩን ፀጉር ጨርሶ እንድትተወው ጠይቂ። ቀጭን ሹሩባ ላይ ብዙ ፀጉርም አታስጭኚ።

ማሳከክ ሌላ ጉዳይ ነው። ካፌ ውስጥ ጭንቅላቷን በመዳፏ ጠብ ጠብ የምታደርግ ሴት ካየሽ ዊግ ሹሩባ ተሠርታ ሊሆን ይችላል። አርቴፊሻሉ ፀጉር ፋብሪካ ውስጥ የሚቀባው ነገር ብዙዎቻችንን ያሳክካል። ከመሠራትሽ በፊት ውኃ ውስጥ አቼቶ ጨምረሽ ዘፍዝፊው፤ ውኃው ላይ ነጭ ነገር ሲወጣ ታዪያለሽ። ከዚያ አለቅልቀሽ በደንብ አድርቂው። በሙጫ የሚለጠፍ ከሆነ ሙጫውን ከጆሮሽ ጀርባ ትንሽ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ከቀላ ወይም ካሳከከሽ ይቅርብሽ።

ስፌት ስትታጠቢ ሥሩ እስኪደርቅ ካስክ ውስጥ ቆዪ። ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ከቀረ ይሸታል፣ ያሳክካልም። ማታ በሳቲን ሻሽ ጠቅልለሽ ተኚ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ፍቺው፣ ከዚያ ፀጉርሽን አሳርፊው።

አሁን ላለሽበት፦ የሚያምሽ ፊት ለፊቱ ብቻ ከሆነ የፊቱን ረድፎች አስፈቺና የሥሩን ሹሩባ ላላ አድርገው ይሥሩልሽ። ሁሉም ጋ ካመመሽ ሙሉውን። ሠሪዋ ክሩን ስትቆርጥ የራስሽን ፀጉር አብራ እንዳትቆርጥ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጪ። መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለሽ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ገንዘቡ እንደሚያንገበግብሽ ይገባኛል፤ ግን የከሰርሽው የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው። ሂውማን ሄሩ ታጥቦ፣ ተበጥሮ ድጋሚ ይሰፋል።