ሐኪሙ ፊት «ጨጓራ አለብኝ» አትበይ

እህቴ፣ ሆድሽን ማመም ከጀመረሽ ዓመታት እንዳለፉ፣ «ጨጓራ ነው» እያልሽ ተልባ ስትጠጪ እንደኖርሽ ጽፈሻል። አሁን ባሕር ዳር አዲስ ሐኪም ልታዪ ነው፤ «እስካሁን የት ነበርሽ?» እንዳይልሽም ፈርተሻል። ቁጣውን እንኳ ተዪው። ሐኪሞች አቆይቶ የሚመጣ ሰው ለምደዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ገና ከመቀመጥሽ «ጨጓራ አለብኝ» ብለሽ እንዳትጀምሪ ነው።

እኔን ቀድሞ ያዩኝ ሐኪሞች የበሽታውን ስም ከእኔው አፍ ሰምተው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ይጽፉልኝ ነበር። ትንሽ ይሻለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ግን ልጅቷ ስለ በርበሬ እንኳ አልጠየቀችኝም። «የት ነው ያደግሽው?» አለችኝ። ዘጌ አልኳት። «ውሃ ትገቢ ነበር?» ዘጌ አድጎ ጣና አልገባሁም የሚል ሰው ካለ እስቲ አሳዪኝ! ልብሳችንን የምናጥበውም እዚያው ነው። ሰገራ አዘዘችልኝ። መጀመሪያ ምንም አልተገኘም። አስደገመችኝ። በተደገመው ቢልሃርዚያ የሚባለው፣ ከውሃ የሚይዘው ትል እንቁላል ታየ።

እዚህ ብዙ ሰው ሽንቱ ላይ ደም ካላየ ቢልሃርዚያ የለብኝም ይላል። የጣና ዳርቻው ግን የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ ሺስቶሶማ ማንሶኒ ይሉታል። ውሃ ውስጥ ካለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። ትሉ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ዓመታት ይኖራል። የሚጥለው እንቁላል ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፤ ከፊሉ አንጀትና ጉበት ውስጥ ይቀራል። ሳይታከም ሲቆይ ጉበትን ሊጎዳ፣ ጣፊያን ሊያሳብጥ ይችላል። እንቁላሉ በአንድ ምርመራ ሊያመልጥ ስለሚችል «ድገሚ» ብትባዪ አትሰላቺ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ተለክቶ ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ክኒኑ ትልልቅና መራራ ነው። እኔን አዙሮኝ ባጃጅ ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት። ደግሞ ድነሻል ማለት ዳግም አይዝሽም ማለት አይደለም፤ ውሃው ያው ውሃ ነው።

ያንቺም እሱ ነው እያልኩሽ አይደለም። እውነትም ጨጓራ ሊሆን ይችላል። ብቻ የበሽታውን ስም ለሐኪሙ ተዪለትና የሚሰማሽን ንገሪው። የቱ ጋ ነው የሚያምሽ? ሲርብሽ ይብሳል ወይስ ስትበይ? ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሻል? ክብደት ቀንሰሻል? ሰገራሽ ላይ ደም አይተሻል? ይሄን መናገር ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፤ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። ለወገብም ለራስ ምታትም እያልሽ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን የምትውጪ ከሆነ አትደብቂ። እነሱም ጨጓራን ሊያቆስሉ ይችላሉ። የመድኃኒቶቹን ማሸጊያና የድሮ የምርመራ ወረቀቶችሽን በፌስታል ሰብስበሽ ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሰገራ ምርመራ ካዘዘልሽ ኦሜፕራዞል እየወሰድሽ እንደሆነ ቀድመሽ ንገሪው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሊደብቀው ስለሚችል ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት ያስቆሙታል። አንቲባዮቲክ በቅርቡ ከወሰድሽም ቀድመሽ ንገሪው።

በጤና መድን የምትታከሚ ከሆነ ከጤና ጣቢያሽ ጀምሪ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሄድ ካስፈለገሽ ሪፈር ወረቀቱን ከዚያ ይጽፉልሻል። ካርድ ለማውጣት በጠዋት ድረሺ፤ ሰልፉን ታውቂዋለሽ።

ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ደም ካስመለሰሽ ግን ይሄን ሁሉ እርሺውና ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ፣ ሌሊትም ቢሆን።